አንበሳ የተኛበት ምሳር

ከአሹር ከተማ፤ በሹመኛው ኩራራ ዓመት፣ በገብስ አጨዳ ወር

በካነሽ ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ለኤናኑም ይድረስ። ላኪው ላቂፕ ነኝ።

ጌታችን አሹር ጥላውን አያንሳብህ፤ ፀሐይ ሻማሽም በሄድክበት ሁሉ ፊት ፊትህን ይቅደም። አንተ፣ ባለቤትህ ሐታላ፣ የቤታችሁም ሰው ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። ወንዙ ዘንድሮ ከዳር አልወጣም፤ ገብሱም ደህና ያዘ።

እኔን ወልደው አንተን ያሳደጉትን የአባታችንን ነገር ሳልጽፍልህ ቆየሁ። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የቀለጠ ነሐስ ያየ ዓይን ምን ይተርፈዋል? ቀን ቀን በራችን ላይ ካለችው መደብ ይቀመጣሉ። አላፊ አግዳሚውን በኮቴው ይለዩታል። ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ መልሱንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ስለዚህ «አባቴ በገዛ እጃቸው ለምን አልጻፉልኝም» ብለህ እንዳትቀየም።

ወሬህን ከነጋዴዎቹ እንሰማለን። የአህያ ነጂዎቹ አለቃ ዳያ በደረሰበት ሁሉ ያወራልሃል፦ ኤናኑም ባለ ዘርፍ ካባ ለብሶ ከመኳንንቱ ጋር ይቀመጣል፤ የካነሽ ገዥ እሱ አንበሳ ያልቀረጸበትን ምሳር አይጨብጥም። የነጋዴን ቃል ለሦስት አካፍዬ አንዱን ብቻ ነው የማምነው። እውነት ከሆነ ግን ደስ ይበልህ። እኛ እዚሁ የአናጢ ምሳርና የገበሬ ማጭድ እንሠራለን። አንበሳ የለበትም፤ ቢሆንም ይፈልጣል።

ወናፋችን አርጅቶ ከእሳቱ ይልቅ በጎኑ ነው የሚተነፍሰው። የዚያ አገር የፍየል ቆዳ ወፍራም ነው ይባላል፤ ሁለት ብትልክልኝ ውለታህን አልረሳም።

አባታችን ሰላም ብለውሃል። ሌላ ያሉት ነገር የለም።

ላቂፕ


ከካነሽ፤ በዚያው ዓመት፣ በስንዴ አጨዳ ወር

ለወንድሜ ለላቂፕ ይድረስ። የምጽፈው ኤናኑም ነኝ።

አሹር ቤታችሁን ይጠብቅ፤ የተራራው ጌታ አዳድ ለመልእክተኞቻችን መንገዱን ያቅናላቸው። ለሚስትህ ለታራምና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ።

ስለ ዓይናቸው የጻፍከውን አንብቤ ሥራዬን አስቀመጥኩ። ትዝ ይልሃል? የሠራነውን ምሳር ፀሐይ ላይ ያዞሩና የመርፌ ጫፍ የማታክል ቀዳዳ ያዩ ነበር። «ይህችን ማን ይሞላታል? እናትህ?» ብለው መልሰው ያስቀልጡኝ ነበር። ያ ዓይን ጠፋ ስትለኝ ማመን አቃተኝ።

ዳያ ስለ ካባው ዋሽቶሃል፤ ዘርፍ የለውም። ስለ ምሳሩ ግን አልዋሸም። እዚህ አገር ሰው የሚከበረው በምሳሩ ነው። በገዥው ቀኝ የሚቀመጠው አንበሳ የተኛበትን ይይዛል፤ በግራ የሚቀመጠው መስመር ብቻ የተጫረበትን ይይዛል። ምንም የሌለው በር ላይ ይቆማል። ዘንድሮ አሥራ አራት አንበሳ አዘዙኝ። «ይፈልጣል ወይ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የሚፈልጥበት ሰው የለም። እንጨት የሚፈልጡት ሎሌዎቻቸው ናቸው፤ አንተ እንደምትሠራው ባለ ምሳር።

ሁለት ቆዳ ልኬልሃለሁ። ለአባታችን ደግሞ አንድ ምሳር በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በማኅተሜ አትሜ በዳያ እጅ ሰድጃለሁ። ማየት ስለማይችሉ ለጣት ብዬ ነው የሠራሁት። አንበሳው ዛቢያው በሚገባበት አንገት ላይ ተኝቷል፤ ስለቱ ከአፉ ነው የሚወጣው። ጋማውን ፀጉር በፀጉር ለየሁት። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ይቁጠሯቸው።

ሲዳስሱት ያሉትን ጻፍልኝ። አደራህን ላቂፕ፣ ቃል በቃል። አንተ ማታ ማታ አብረሃቸው እራት ትቀርባለህ። ለእኔ የሚደርሰኝ አንተ የጫርካት የሸክላ ደብዳቤ ብቻ ናት።

ኤናኑም


ከአሹር ከተማ፤ በዚያው ዓመት፣ በቴምር ለቀማ ወር

ለኤናኑም። ላኪው ላቂፕ።

አሹር ጤናህን ይስጥህ። የላክሃቸው ቆዳዎች ደረሱ፤ አንደኛው ቀዳዳ አለበት።

ምሳሩም ደርሷል። አባታችን ያዙት፤ «ጥሩ ነው» አሉ። ሳል ይዟቸው ስለነበር ብዙ አልተናገሩም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰም የተቀረጹ አንበሶች ካሉህ ሁለት ሦስት ላክልኝ፤ በመንገድ እንዳይቀልጡ እርጥብ ጭቃ ውስጥ አድርጋቸው። ቆርቆሮውንና መዳቡን ስንት በስንት እንደምትቀላቅልም ጻፍልኝ። ለማወቅ ያህል ነው። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ሌላ ወሬ የለም።

ላቂፕ


ከካነሽ፤ በዚያው ዓመት፣ የመጀመሪያው በረዶ በታየ ሰሞን

ለወንድሜ ለላቂፕ። የምጽፈው ኤናኑም።

አሹርና ሻማሽ ከክፉ ይሰውሯችሁ። ይህች ደብዳቤ ከመጨረሻዎቹ አህዮች ጋር ስለምትሄድ አሳጥራለሁ።

«ጥሩ ነው» አሉ? በቃ? ስለ አንዲት ቀዳዳ ግማሽ ቀን ሲቆጡ የሚውሉ ሰው፣ ወር ሙሉ የለፋሁበትን ዳስሰው «ጥሩ ነው» ብለው አስቀመጡት? ቢሰድቡት እንኳ ደስ ባለኝ። «ጋማው በዝቷል፣ ይህ አንበሳ ነው ወይስ በግ?» ቢሉ እሳቸው መሆናቸውን ባወቅሁ። «ጥሩ ነው» ግን የአባታችን ቃል አይደለም።

ሰም የጠየቅከኝም ነገር ከነከነኝ። ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስለ ሥራው አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። የወጣሁ ቀን ምን እንዳልከኝ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፦ «ይህ ደጃፍ የሚጠራው በእኔ ስም ነው፤ ጣትህን ይዘህ ሂድ።» ይዤ ሄድኩ። ዛሬ ጣቴን ምን አስፈለገህ? ምክንያቱን ጻፍልኝና አንበሶቹን በጸደይ እልካለሁ።

ሐታላ ነፍሰ ጡር ናት። ወንድ ከሆነ ሹኩቡም ብዬ በአባታችን ስም እጠራዋለሁ። ይህን ንገራቸውና ያሉትን ጻፍልኝ።

ኤናኑም


ከካነሽ፤ በሹመኛው አዳዳ ዓመት፣ መንገዱ በተከፈተ በአሥረኛው ቀን

ለላቂፕ።

ምርቃት የለኝም። አምላኮቹም ለአንተ ምን እንደምለምናቸው ግራ ይገባቸዋል።

አራት ወር ሙሉ በረዶው እስኪቀልጥ መልስህን ጠበቅሁ። ከመጀመሪያዎቹ አህዮች ጋር ዳያ ደረሰ፤ ከአንተ ግን የተሰነጠቀ ሸክላ እንኳ አልመጣም። ዳያ እሳት ዳር ተቀምጦ እግሩን ሳያሞቅ ስድብ ጀመረኝ።

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለኝ። «ሽማግሌው ና እያሉ ይለምኑሃል፤ አንተ ቆዳ ትልካለህ!»

«ማን ነው ና ያለኝ?»

«እሳቸው ናቸዋ! አምና በገብስ አጨዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ኤናኑም ልጄ፣ ባላይህም እጅህን ልያዝና ልሙት፤ ከቤቴ አንዱን ክፍል ለአንተ ብዬ ባዶ አድርጌዋለሁ› እያሉ ለላቂፕ ሲያጽፉት አጠገባቸው ነበርኩ።»

«ላቂፕ ጻፈው?»

«ሸክላውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲጭር አይቻለሁ። የጫረውን ምን አውቃለሁ? እኔ አህያ ነው የማነበው።»

ቀጠለ ደግሞ። «ወንድምህስ ቢሆን! ምን ዓይነት እጅ ወጣለት! አንበሳ ያለበት ምሳር ሠርቶ ከተማው ሁሉ እሱን ያወራል። ሽማግሌው ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠሩ ‹ዳስሱት፣ ልጄ ላቂፕ ነው የሠራው› ይላሉ። የቤተ መቅደሱም ሰዎች ለአምላኩ አንድ እንዲሠራ ሊያዙት ነው አሉ።»

ዳያ አምና ወደ እናንተ የወሰደው የታተመ ጥቅል ነው፤ ውስጡ ያለውን አላየም። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርኩትም። ወጥቼ እግሬ እስኪደነዝዝ ብርድ ላይ ቆምኩ።

ላቂፕ፣ አንተ አባት አለህ። የእኔን ወንዝ ወሰደው። አንተ ደጃፍ አለህ። «የሹኩቡም ልጅ» ስትባል ማንም ጣልቃ ገብቶ «የወንድሙ ልጅ ማለትህ ነው» አይልህም። ማታ ስታስል የሚሰማህ፣ ስታጠፋ የሚቆጣህ ሰው አለህ። እኔ ያለኝ አሥር ጣት ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት በቅናት እየተቃጠልኩ «ግዴለም፣ እሱ ሁሉ ሲኖረው እኔ ጣቴ አለኝ» እያልኩ ነበር የምተኛው። አንተ ግን ሁሉም አልበቃህም፤ ይህችንም ፈለግካት። ውሻ እንኳ የራሱን አጥንት ሳይጨርስ የሌላውን አይነጥቅም።

ይህን ደብዳቤ እንደማታነብላቸው አውቃለሁ። ለከተማው ሽማግሌዎች ልጻፍ ወይስ ልተው፣ እያሰብኩበት ነው።

ኤናኑም


ከአሹር ከተማ፤ በዚያው ዓመት፣ ገብሱ ከገባ በኋላ

ለወንድሜ ለኤናኑም ይድረስ። ላኪው ላቂፕ ነኝ።

ምርቃት እንዳልሰጠኸኝ ሁሉ እኔም ለመመረቅ አፍ የለኝም። የሆነውን ብቻ ልጻፍልህ። ሸክላው ትልቅ ነው፤ ዳያ ከበደኝ ብሎ እንዳያጉረመርም ለአህያው ገብስ ሰጥቼዋለሁ።

ምሳርህ የደረሰ ቀን አባታችን መደቡ ላይ ነበሩ። ጨርቁን ፈትቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ደብዳቤህን ላነብላቸው ሸክላውን ይዤ ቆሜ ነበር። ጣታቸው አንበሳው ላይ ደረሰ። ጋማው ላይ ሄደ፣ ወደ አፉ ወረደ፣ ጥፍሩን ቆጠረ። ኤናኑም፣ ያን ፊት ብታየው! የዓይነ ስውር ፊት እንዲህ ይበራል ብዬ አላውቅም።

«ማነው የሠራው?» አሉ።

ስምህ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያ ፊት ለእኔ ሥራ አንድ ቀን በርቶ አያውቅም። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ጥፍሮቹን እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ «ጎሽ፣ ልጄ» አሉ። ጎሽ የምትባለውን ቃል ከአባቴ አፍ የሰማኋት ያን ዕለት ነው፤ ያውም ባንተ ሥራ። ደብዳቤህን ሳላነብ ቀረሁ።

የቀደመውም ጥፋት የእኔው ነው። ና ብለውሃል። ዳያ የነገረህ ልክ ነው፤ ክፍሉንም ለአንተ አስጠርገዋል። እኔ «ሰላም ብለውሃል፣ ሌላ ያሉት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ከመጣህ ማታ ማታ ማንን እንደሚያዋሩ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከእጄ ወጣ። መንገደኛውን እየጠሩ ያስዳስሳሉ። እኔም ማንም ሳያውቅብኝ አንበሳ መሥራት እችል እንደሆነ ብዬ ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ሰም ታራም አየችው። «ይህ ውሻ ምን ሆኖ ነው አፉን የከፈተው?» አለችኝ። በጭቃ ሸፍኜ፣ ነሐስ ላፈስበት ሰሙን ሳቀልጠው ቅርጹ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው አረፋ ያዘ። ሦስተኛው ሁሉ ነገሩ አማረ፤ ፊት ግን የለውም፤ ነሐሱ ሳይደርስ ቀዘቀዘ። ሰም የለመንኩህ ለዚህ ነበር። ሚስትህ መፀነሷን የጻፍክበትን ደብዳቤ አንብቤ ሸክላ አቡክቼ ተቀመጥኩ። መልስ መጻፍ አቃተኝ።

የቤተ መቅደሱ ሰዎች መጡ። በበዓሉ ቀን ከአምላኩ ፊት የሚያዝ ምሳር እንድሠራ ሊያዙኝ ነበር። ጎረቤታችን ቀጥቃጩ ሹዳ ግን መቼም ቅናተኛ ነው (ይህን እኔ ስለው ትስቅ ይሆናል)፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ «ሃያ ዓመት የአናጢ ምሳር ሲሠራ የኖረ ሰው ባንድ ሌሊት አንበሳ ወለደ? በአምላኩ ጩቤ ይማል» አላቸው። ሽማግሌዎቹም ይማል አሉ።

የጻፍክልኝ ስድብ የደረሰው ከመሐላው ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ ነው። ወደ ከተማው በር ስሄድ ሸክላህ ብብቴ ውስጥ ነበረ። የአምላኩን ጩቤ አወጡት። ሕዝቡ ከቦ ቆሟል። አባታችንን ታራም እጃቸውን ይዛ አምጥታቸዋለች። የቀጥቃጮቹ አለቃ «እጅህን አንሳ፣ የምሳሩ ሠሪ እኔ ነኝ በል» አለኝ።

እጄን አነሳሁ። አሁን የምነግርህን ለሰው አልነገርኩም፦ ልምል የነበርኩ ይመስለኛል። አፌን ከፍቼ ነበር።

«አታስምሉት!» አሉ አባታችን።

በትራቸውን እየመቱ ወደፊት መጡ። ሰው ገለል አለላቸው። «ልጄን በአምላክ ፊት አታስዋሹት። የእሱ ሥራ አይደለም፤ የኤናኑም ነው። በካነሽ ያለው የወንድሜ ልጅ ነው የሠራው።»

«አውቀው ነው እንዴ ሰው ሁሉ ያስዳሰሱት?» አለ ሹዳ።

«አንተ ዝም በል፣» አሉት፤ «አንተ የሠራኸው ማጭድ ገብስ ዓይቶ ይታጠፋል።»

ሰው ሳቀ። እኔ ላይ ነው የሳቀው፣ ሹዳ ላይ ነው፣ አላውቅም። ትዕዛዙ ቀረ። ከቀጥቃጮቹ ጋር የምቀመጥበትን ቦታዬን ያን ዕለት አነሱብኝ። አሁን ወደ ሸንጎ ስሄድ በር ላይ ነው የምቆመው።

ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግማሽ መንገድ ደረስን።

«መቼ አወቁ?» አልኳቸው።

«እንደነካሁት። ያን ሰሞን በቤታችን ሰም ሲቀልጥ አልሸተተኝም። የጠፋው ዓይኔ ነው፤ አፍንጫዬ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ሸተተኝ፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ስትራገም ሰማሁህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ብዬ። በየቀኑ አላፊ አግዳሚውን የምጠራው አንተ እየሰማህ እንዲጨንቅህ ነበር። አንተ ግን ችለኸው ኖርክ። ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጠሁህ?»

እኔም ሆዴ ውስጥ የኖረውን አወጣሁት። «አንድ ቀን የእኔን ሥራ ዳስሰው አያውቁም» አልኳቸው።

ቆሙ። «ያንተን ምን ብዬ ልዳስስ? ደህና መሆኑን አውቃለሁ። ኤናኑም ነው የሚያሰጋኝ፤ እሱ ለማሳየት ስለሚሠራ እንከን ይደብቃል። አንተ አትደብቅም ብዬ ነበር» አሉ። ኤናኑም፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ይህን ሸክላ አቡክቼ «ለኤናኑም ምን ልጻፍ?» አልኳቸው። «እኔ አልነግርህም፤ የነገርኩህን ጽፈህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ስለዚህ ያለ እሳቸው ቃል ጻፍኩ። ለሽማግሌዎቹ ልትጽፍ ከፈለግህ ጻፍ፤ የሚወስዱብኝ የቀረ ነገር የለም። አባታችን ሳሉ በርትቷል። ሌላ በረዶ የሚያዩ አይመስለኝም።

ላቂፕ


ከካነሽ፤ በዚያው ዓመት፣ በወይን ለቀማ ወር

ለወንድሜ ለላቂፕ ይድረስ። የምጽፈው ኤናኑም ነኝ።

አሹር አባታችንን ያቆይልን። አንተንም ይጠብቅህ፤ ይህችን ቃል ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ደብዳቤህ የደረሰ ቀን ለሽማግሌዎቹ የምልከውን ክስ ጽፌ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር። ያንተን አንብቤ ስጨርስ የእኔን ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ደግ ሆኜ አይደለም። ፊት የሌለውን አንበሳ ሳነብ ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ አፈርኩ፤ ለምን እንዳፈርኩ ልንገርህ።

ያን ምሳር የላክሁት አባታችንን ለማስደሰት ብቻ አልነበረም። አንበሳ መሥራት እንደማይሆንልህ አውቅ ነበር። ልጆች ሳለን የሠራሃትን አንበሳ ጎረቤቶቻችን ድመት ሲሏት ጭቃ ውስጥ ቀብረሃታል፤ እኔ ነኝ ቆፍሬ አውጥቼ ለሰው ሁሉ ያሳየሁት። ስለዚህ በሬ አልመረጥኩም፣ ፍየልም አልመረጥኩም፤ አንበሳ መረጥኩ። ጥቅሉን ስትፈታ ያቺ ድመት ትዝ እንድትልህ ፈልጌ ነበር። አባታችን ሲያወድሱኝ ውዳሴዬን በገዛ ብዕርህ ቃል በቃል እንድትጽፍልኝ ፈልጌ ነበር። «አደራህን» ያልኩህ ለዚህ ነው። ወር ሙሉ የለፋሁት በሥራው ፍቅር ይመስልሃል? ግማሹ የቅናት ነው።

የጻፍኩልህም ሁሉ እውነት አይደለም። አሥራ አራት አንበሳ አላዘዙኝም። ሦስት ነው። እኔ ደግሞ በገዥው ቀኝም በግራም አልቀመጥም። ምሳር የሚያሠራ ሁሉ ይቀመጣል፤ ሠሪው ባዕድ ስለሆነ ምሳር መያዝ አይፈቀድለትም። የጨረስኩትን በሁለት እጄ አቀርብና ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ እወጣለሁ። ከዚያ በር ላይ እቆማለሁ። አሁን አንተም በር ላይ እንደምትቆም ስትጽፍልኝ ምን ያህል ጊዜ ደጋግሜ እንዳነበብኩት!

ሐታላ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ሹኩቡም ልላት አልችልም፤ ጢም አላት እንዴ ይሉኛል። ስም ሳናወጣላት አባታችንን እየጠበቅን ነው።

ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብብላቸው። ውሻ ያልኩህን የቀደመውንም አንብብ። አምንሃለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላምንህም። ስለዚህ ይህን ለዳያ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል በቃል አስጠናሁት። ስታነብ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አንዲት ቃል ብትዘል ይጮኻል።

ኤናኑም


ከአሹር ከተማ፤ በዚያው ዓመት፣ ቴምሩ ከተለቀመ በኋላ

ለወንድሜ ለኤናኑም ይድረስ። ላኪው ላቂፕ ነኝ።

አሹር መንገድህን ያሳጥርልህ፤ አዳድም በረዶውን ለሃያ ቀን ብቻ ይያዝልህ። ለሃያ ቀን።

አነበብኩላቸው። ዳያ እግሩን ዘርግቶ፣ ከንፈሩን ከእኔ ጋር እኩል እያንቀሳቀሰ አዳመጠ። «ውሻ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ዝቅ አድርጌ ልለፋት ስል «ጮክ በል!» ብሎ ጎኔን ጎሸመኝ። ጮክ አልኩ።

ሴት ልጅ ተወለደች ስል አባታችን እጃቸውን ዘረጉ፤ አጠገባቸው ያለች ይመስል። አንበሳውን ለምን እንደመረጥክ ሳነብ አቀረቀሩ። እንደተቆጡ ገመትኩ። ኋላ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነበር። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ታራም ውሃ ይዛ ሮጠች።

«ሁለት ወንድ ልጅ አሳደግሁ እያልኩ ስኮራ፣» አሉ፤ «ለካ ያሳደግኳቸው ሁለት ጣውንት ናቸው!»

ዳያ ይህን ቃል መንገድ ላይ ለሰው ሁሉ ሊያወራው ነው። እኔ መከልከል አልችልም።

ከዚያ ምሳርህን አስመጡና ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። «ይህ ነገር እንጨት ነክቶ ያውቃል?» አሉኝ።

«አያውቅም።»

«ምሳር አይደለም እንዴ? ጓሮ ያለውን ግንድ ፍለጥበት።»

«አባቴ፣ ጋማው ይበላሻል።»

«በጋማው ማን ፍለጥ አለህ? በስለቱ ፍለጥ።»

ግንዱ ደረቅ የወንዝ ዳር እንጨት ነው፤ በጋ ሙሉ ሰው ሁሉ የሸሸው ነው። አባታችን በር ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ሰጡ። መጀመሪያ በእኔው ምሳር፣ ባለፈው ክረምት በሠራሁት፣ ጥቂት መታሁ፤ ግንዱ ተላጠ እንጂ አልተሰነጠቀም። ቀጥሎ አንበሳህን አነሳሁ። ዛቢያው እጄ ላይ ልክ ተቀመጠ፤ ክብደቱ ራሱ ያወርደዋል። በሦስተኛው ምት ግንዱ ለሁለት ተከፈለ።

«የቱ ይሻላል?» አሉ አባታችን።

ድምፁን ሰምተዋል። ያውቃሉ። ዳያ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ላቤን ጠረግሁ፣ እንጨቱን ደረደርኩ፣ ያልወደቀውን ፍላጭ አነሳሁ። ለሚመለከተኝ ሁሉ ሥራ የበዛብኝ እመስላለሁ። በአንበሳው ያንተ እንደሚበልጥ ድሮም ሳልወድ አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን የተጽናናሁት ግን በአንድ ነገር ነበር፦ የእኔ ይፈልጣል፣ የእሱ ለዓይን ነው።

«የኤናኑም ይሻላል» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«የኤናኑም ይሻላል፤ ይፈልጣል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ና አጠገቤ ተቀመጥ» አሉኝና የእኔን ምሳር ከመሬት አንስተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ምሽት እስኪሆን ስለቱን፣ አንገቱን፣ ጎኑን ሲዳስሱ ቆዩ። ያሉትን ቃል አልጽፍልህም፤ እሷ የእኔ ናት።

አባታችን ከሳሉ የተነሳ እንቅልፍ ካጡ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። ክፍልህ ተጠርጓል። ልጅቱን በደንብ ጠቅልላችሁ፣ ከዳያ አህዮች ሁሉ የዋሂቱን መርጣችሁ ውጡ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። «ይሻላል» የምትለዋን ቃል እዚህ ለመጻፍ ሦስት ሸክላ አበላሽቻለሁ። ና ብቻ።

ላቂፕ